«ሲስተም የለም» እና የሰርቨሩ ካርድ

ከጨንቻ ወይም ከካምባ ማልዶ ወጥቶ ለጉዳይ አርባ ምንጭ የገባ ሰው፣ ሴቻም ይሂድ ሲቀላ፣ «ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ» ከተባለ ለመመለሻ የያዘው ገንዘብ ለአልጋ ይሄዳል። ባለጉዳዩም ሠራተኛውም ወዲያው ቴሌን ያማሉ። የሚፈለገው ፋይል የት እንዳለ ግን የሚጠይቅ የለም። እዚያው ግቢ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ከሆነ መንገዱ ቴሌ ዘንድ ጭራሽ አይደርስም። ከሰርቨሩ ኔትወርክ ካርድ ይወጣል፣ በስዊች ያልፋል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር ካርድ ውስጥ ይገባል፤ አለቀ። በ1990ዎቹ ወረዳኔት ሲዘረጋ ጭንቀቱ ወረዳን ከማዕከል ማገናኘት ነበር። ዛሬ እኔን የሚያሳስበኝ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያለችው አጭር መንገድ ናት።

ፈጣን ካርድ መገዛት ያለበት በቅድሚያ ለሰርቨሩ ነው፤ እሱም ኬብሉና ስዊቹ ከተፈተሹ በኋላ።

ፍተሻው ገንዘብ አይጠይቅም። ኮምፒውተሩ የተገናኘበትን ፍጥነት ራሱ ያሳያል። 1 ጊጋቢት ማለት ሲገባው 100 ሜጋቢት ካለ፣ የኬብሉን ጫፍ ነቅሎ ወደ ብርሃን አስጠግቶ ማየት ነው። ጃኩ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ተደርድረዋል። 100 ሜጋቢት በአራቱ ብቻ ይሠራል፤ ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። ዳር ላይ ያለው ቡናማ ሽቦ በደንብ ሳይነካ ከቀረ ግንኙነቱ ብዙ ጊዜ አይቋረጥም፤ ማንም ሳያውቅ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። በ40 ሰከንድ ገደማ ሊተላለፍ የሚችል 5 ጊጋባይት ፋይል ያኔ ሰባት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሽቦውንም በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው፤ የረከሰውም ለዚህ ነው።

ይህ ከተስተካከለ ለአብዛኛው ጠረጴዛ 1 ጊጋቢት ይበቃል። ካርዱ ለተቃጠለበት ላፕቶፕ በዩኤስቢ የሚሰካ አዳፕተር ሲገዛ ግን ዩኤስቢ 3 መሆኑ ይታይ፤ ካርቶኑ ላይ ጊጋቢት ተብሎ ቢጻፍም ዩኤስቢ 2 ከ480 ሜጋቢት አያልፍም።

ሰርቨሩ ሌላ ነው። ሃያ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሲከፍተው ያቺን አንድ ጊጋቢት ይቀራመታታል። ለከተማችን ቢሮዎች እኔ የማደላው ለ2.5 ጊጋቢት ነው። ደረጃው በ2009 ዓ.ም. ሲወጣ የታሰበው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ካት 5ኢ ኬብል ሳይቀይሩ እስከ 100 ሜትር እንዲሠራ ነው፤ ስዊቹ ግን ይህን ፍጥነት የሚቀበል መሆን አለበት። 10 ጊጋቢት የሚያስፈልገው ሆስፒታል ወይም ኮሌጅ ሙቀቱን ያስብ። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በመዳብ ኬብል የሚሠራ 10 ጊጋቢት ካርድ ደግሞ ራሱ ይግላል። መብራት ሄዶ ሰርቨሩ በዩፒኤስ ሲቆይ የክፍሉ ማቀዝቀዣ ይጠፋል። ሰርቨሩና ስዊቹ አንድ ራክ ላይ ካሉ ኤስኤፍፒ ፕላስ ፖርት ያለውን ካርድ በአጭር ኬብል ማገናኘት ይሻላል፤ ያን ያህል አይግልም። ዲስኩ አሮጌው የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ ደግሞ ብሩ ቀድሞ ለኤስኤስዲ ይዋል።

የሚያንገበግበኝ ግዥው ነው። «ኔትወርክ ካርድ፣ ብዛት 1» ተብሎ ፕሮፎርማ ከተሰበሰበ ያሸነፈው ርካሹ ዕቃ ሰርቨሩ ላይ ላይገባ ይችላል። ፍጥነቱ፣ የሚሰካበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ፣ ሰርቨሩ ላለበት ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ድራይቨር ያለው መሆኑ ተጽፎ ይቀመጥ። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የኮምፒውተር ባለሙያ ያስመርቃል፤ ዕውቀቱ ከደጃችን ነው። ስፔሲፊኬሽኑን የአይሲቲ ባለሙያው ይጻፈው። ካርዱ ሲመጣም የዕቃ መረከቢያው ሞዴል 19 ከመቆረጡ በፊት ሰክቶ አይፐርፍ በተባለው የኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ይለካው፤ የተገኘው ቁጥር ከሰነዱ ጋር ይያያዝ፤ ካልደረሰ ዕቃው ለአቅራቢው ይመለስ።