ብሎንን በልክ ስለ ማጥበቅ



ዛሬ የእርሻ ትምህርት ወደ ገበሬው ደጅ የሚደርሰው በእግርና በበቅሎ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በሞተር ብስክሌት ነው። የከብት ክትባት የያዘው ሐኪም፣ የስንዴ ዋግ ታየ ተብሎ የሚጠራው የእርሻ ባለሙያ፣ ምርጥ ዘር ለማዳረስ የሚዞረው ሠራተኛ በርሷ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። እርሷ በመንገድ የቆመች እንደ ሆነ ክትባቱ ቅዝቃዜውን አጥቶ ይበላሻል፤ ዋጉም ባለሙያውን ሳይጠብቅ ማሳውን ይፈጃል። ይህ በሆነ ጊዜ መንገዱን ወይም ነጂውን መውቀስ ተለምዷል። በእኔ አሳብ ግን ጥፋቱን አስቀድሞ በመፍቻው ዘንድ መፈለግ ይገባል።

ብዙ ሰው ብሎን አብዝቶ በጠበቀ ቁጥር አብልጦ የሚይዝ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ብሎን ሲጠብቅ እንደ በገና አውታር ጥቂት ይለጠጣል፤ የሚይዘውም ወደ ቦታው ለመመለስ በሚያደርገው መሳብ ነው። አውታር ቢላላ አይጮኽም፤ ከልኩ ቢከር ይበጠሳል። ብሎንም እንዲሁ ነው። ደግሞም በመፍቻው ላይ ከምናወጣው ጉልበት ከ10 እጅ 9ኙ ያህል በብሎኑ ራስ ሥርና በጥርሱ ላይ በሚሆነው መፋተግ ያልቃል፤ ለመለጠጡ የሚተርፈው 1 እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ዘይት የነካው ብሎን በዚያው ጉልበት ከልኩ አልፎ ይለጠጣል፤ ዝገትና ጭቃ የያዘው ደግሞ የጠበቀ መስሎ ሳይይዝ ይቀራል። እጅ ይህን ለይቶ ሊያውቅ አይችልም።

ለምሳሌ ካንዴላን እንመልከት። የካንዴላው ጥርስ ብረት ነው፤ የሚገባበት የሞተሩ ራስ ግን ብዙ ጊዜ ከብረት የሚለሰልስ አሉሚንየም ነው። ከልክ በላይ ቢጠብቅ የሚበላው የሞተሩ ራስ ጥርስ ነው። ላልቶ የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ ካንዴላው ሙቀቱን ወደ ሞተሩ ራስ ማሳለፍ ስለማይችል ይግላል፤ ፒስተኑንም እስከ ማቅለጥ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ካንዴላውን በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ማስገባት ይገባል። ጥርሱ 14 ሚሊ ሜትር የሆነና ሮንዴላ ያለው አዲስ ካንዴላ ከዚያ በኋላ በመፍቻ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይበቃዋል፤ ልኩም ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው። ይኸውም ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 12 ኪሎ የሚሆን ሸክም እንደ መስቀል ነው። ቀድሞ የሠራ ካንዴላ ሲመለስ ግን ሮንዴላው አስቀድሞ የተጨፈለቀ ስለ ሆነ ከዙሩ አንድ አሥራ ሁለተኛው ያህል ይበቃዋል።

የዘይት ማፍሰሻውም ብሎን እንዲሁ ነው። ዘይት ሲንጠባጠብ ያየ ሰው መፍቻውን አንሥቶ እንደገና ያጠብቃል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያረጀው ሮንዴላው ነው። ሮንዴላውን ሳይለውጡ ብሎኑን ብቻ ቢያስጨንቁት የሞተሩ ሆድ ጥርስ ይበላል፤ ዘይቱ በመንገድ ፈስሶ ሞተሩ ይነክሳል። የአንዲት ሮንዴላ ዋጋ ከሞተር ዋጋ ጋራ አይተያይም።

ልምድ ያለው መካኒክ እጁ ሚዛኑ ነው የሚል ሰው ይኖራል። የልምድን ክብር አልነካም። ነገር ግን ጤፍ ስንሸምት የነጋዴው እጅ ምንም ቢለምድ ሚዛን እንጠይቃለን፤ የመንግሥት ገንዘብ ለተገዛበት መኪና ሚዛን መንፈግ ምን ይባላል? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 በእንግሊዝ አገር የተመሠረተው ራይደርስ ፎር ሄልዝ የሚባለው ማኅበር በአፍሪካ ለሚዞሩ የጤና ሠራተኞች ሞተር ብስክሌት ሲያሰናዳ ሥራውን ያቆመው በአንድ ሕግ ላይ ነው፤ መኪና ሳይሰበር በቀኑ ይታያል እንጂ እስኪሰበር አይጠበቅም።

እንግዲህ ከሹማምንት የሚፈለገው ብዙ አይደለም። በየወረዳው ጉልበትን የሚለካ አንድ መፍቻ ይገዛ። ሮንዴላ በግምጃ ቤት አይታጣ። ከመኪናው ጋራ የመጣው መጽሐፍ በሣጥን ተቆልፎ ከሚቀር የየብሎኑ ልክ በአማርኛ ተጽፎ በሥራው ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ማን በየትኛው ቀን ምን እንዳጠበቀ በመዝገብ ይጻፍ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ለመካኒኩ ጊዜ ይሰጠው። «ቶሎ በል፣ ባለሙያው ሊሄድ ነው» የሚለው ትእዛዝ ከኛው ከአለቆች አፍ ይወጣል፤ መኪናይቱ ተሰብራ በተመለሰች ጊዜ ግን ቅጣቱ በሠራተኛው ላይ ይወድቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና፣ መካኒኩን ከመውቀሳችን በፊት ማን እንዳስሮጠው መጠየቅ ይገባናል።