መጋዙ ከመነጽሩ ጋር ይሰጥ



በካኩማ የዝናብና የነፋስ ወቅት ሲቃረብ በቤታችን ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለ የኒም ቅርንጫፍ እንደሚያሰጋ ሁላችንም እናውቃለን። መከርከሙ ተገቢ ነው። አሁን አሁን ለዚህ ሥራ በባትሪ የሚሠራ ባለሰንሰለት መጋዝ መጥቷል። «ትንሽ ናት፣ ምን ታደርጋለች?» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የቤንዚን መጋዝ ጩኸቱ ራሱ ያስጠነቅቃል። የባትሪው ግን ጸጥ ብሎ ይቆይና ጣት ማስነሻውን ሲነካው ወዲያው ይዞራል። ጅማት ለመቁረጥ ደግሞ ቅጽበት ይበቃዋል።

ስለዚህ በጋራ የምንጠቀምበት መጋዝ ያለ መነጽር፣ ያለ ጓንትና ያለ ሽፍን ጫማ ለማንም መሰጠት የለበትም እላለሁ። «ሥራ ይጓተታል፣ ወጪም ይበዛል» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን መነጽር ከመጋዝ ይረክሳል። እጁ የተጎዳ ሰው የቀን ሥራውን ያጣል፤ ጉዳቱ ከከበደም እስከ ሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ።

ከሥራው በፊትና በሥራው ጊዜ እነዚህን አትርሱ፦

• ሰንሰለቱን ከመንካታችሁ ወይም ከማጽዳታችሁ በፊት ባትሪውን አውጡ።
• በነጠላ ጫማ አትሥሩ፤ ሻሽና ነጠላ አውልቁ።
• መሰላል ወይም ጀሪካን ላይ ቆማችሁ፣ ወይም መጋዙን ከትከሻ በላይ አንሥታችሁ አትቁረጡ።
• የመጋዙ ጫፍ እንጨት እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ወደ ፊታችሁ ሊመለስ ይችላል።
• ከጄኔሬተር የተዘረጋ ሽቦ በቅርንጫፉ ውስጥ ካለፈ ባለቤቱ ሳያጠፋው አትጀምሩ።
• አንድ ሰው ራቅ ብሎ ይቁም፤ ልጆችንም ያርቅ።

አቆራረጡም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ ቅርንጫፉን ከታች በኩል እስከ ሲሶው ቁረጡ። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ከላይ ቁረጡት፤ ይወድቃል። በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ፣ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን እብጠት ሳትነኩ አንሡት። እንዲህ ከሆነ ቅርፊቱ ተልጦ አይወርድም፣ ዛፉም ይድናል። ጥላው ለሁላችንም ያስፈልጋልና።

አደጋ ከደረሰ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ደሙ ጨርቁን ቢያልፍ ሌላ ጨምሩበት እንጂ የመጀመሪያውን አታንሡ። የቡና ዱቄት፣ አፈር ወይም ጋዝ አታድርጉ። ዓይን ውስጥ ብናኝ ከገባ ሳታሹ በንጹሕ ውኃ እጠቡ፤ የተሰካ ነገር ካለ ግን አትንቀሉት፣ ሳትጫኑት ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ኑ።

በኬንያ ማቴንጌ የሚባለው የፕሮሶፒስ እሾህም ቀላል አይደለም። በእሾህ የተወጋ ወይም አፈር የነካው ቁስል መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላል። የመጨረሻውን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዳችሁ 5 ዓመት ካለፈ፣ ወይም መከተባችሁን ካላስታወሳችሁ፣ ቁስሉ ቢደርቅም መጥታችሁ ታዩ።

የብሎክ ተጠሪዎች ሆይ፣ ውሳኔው በእናንተ እጅ ነው። መጋዙና መነጽሩ በአንድ ከረጢት ይቀመጡ፤ አንዱ ከጎደለ ሌላውም አይውጣ። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ!