ማሽኑማ ይጮኻል

ወርቅ ሲወደድ ፈላጊው ይበዛል። በ2018 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ አውንስ ወርቅ በዓለም ገበያ 4,000 ዶላር ተሻገረ። አገራችንም በ2017 በጀት ዓመት ወደ ውጭ ከላከችው ወርቅ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያገኘች ሲሆን፣ አብዛኛው ወርቅ የመጣው ከባህላዊ አምራቾች እጅ ነው። ይህ ወሬ አዲስ አበባ፣ አዲሱ ገበያ ሰፈር ሲደርስ «የጎደለኝ ማሽን ብቻ ነው» የሚል ጎረምሳ አይጠፋም። በእኛ ሰፈር አልጠፋም። ዕቁብ ሲደርሰው ለጀማሪ ነው የሚባለውን ርካሹን የወርቅ መፈለጊያ ገዝቶ መጣ።

እኔ ከማሽኑ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከሻጮቹ ማሳያ ጋር ነው። የጋብቻ ቀለበት መሬት ላይ ይጣላል፣ ማሽኑ ያልፍበታል፣ ይጮኻል፣ ገዢው ብር ይቆጥራል። ቀለበት ግን የተዘጋ ክብ ነው። ማሽኑ ግርጌ ያለው ጥቅል ሽቦ የሚልከው መግነጢሳዊ ሞገድ በቀለበቱ ዙሪያ ኤሌክትሪክ ስለሚያዞር ድምፁ ከመጠኑ በላይ ይጎላል። ከመሬት የሚወጣ ወርቅ ቀለበት ሆኖ አይወጣም። ክብደቱ ደግሞ ጉድ ነው፤ አንድ ግራም የሚመዝን ጥሬ ወርቅ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ነገር ለመስማት ከፍ ያለ ድግግሞሽ ያስፈልጋል። ለወርቅ ተብሎ የተሠራው ማይንላብ ጎልድ ሞንስተር 1000 በ45 ኪሎኸርዝ ነው የሚሠራው። ከርካሾቹ ብዙዎቹ 10 እንኳ አይሞሉም፤ ሲሠሩም ሳንቲም ለሚፈልግ ሰው ነው።

ልጁን «እስቲ በእህትህ ጆሮ ጌጥ ሞክረው» አልኩት። ስሷን የወርቅ ጉትቻ ግቢያቸው አፈር ላይ አኖርናት። ከጉልበት ከፍታ ላይ አወዛወዘው፤ ዝም። ዝቅ አደረገው፤ ዝም። አፈሩን ሊነካ ሲል እንደ ማጉረምረም አለና ተወው። ከዚያ ከሲጋራ ፓኬት ውስጥ ያለውን ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልዬ ጣልኩለት። ማሽኑ አበደ። «ጋሼ፣ ወርቅ ነው እያለ እኮ ነው!» መርፌው እውነትም ወርቅ የሚለው ላይ ቆሟል። ለማሽኑ ስስ አሉሚኒየምና ትንሽ ወርቅ አንድ ናቸው። ወረቀቱን እንዳይሰማ ብታዘው ወርቁንም አብሮ ይዘለዋል። በቀረው ግቢ ያገኘነው ምስማር፣ ሽቦ፣ የቆርቆሮ ቁራጭና ዘመን ያለፈበት የቢራ ቆርኪ ነው።

አፈሩም አያግዝም። እንጦጦና ግርጌው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከዚያ የሚፈጠረው ብረት የበዛበት አፈር ራሱ ማሽኑን ያስለፈልፈዋል። የኢትዮጵያ ወርቅ ያለው ከዚህ ድንጋይ በዕድሜ እጅግ በሚበልጠው ጥንታዊ አለት ውስጥ ነው፤ በጉጂ አዶላና ሻኪሶ፣ በአሶሳና ኩርሙክ፣ በሽሬ ዙሪያ፣ በጋምቤላ ዲማ። ከአዲሱ ገበያ ዳገቱን ወጥቶ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ማሽን የሚያወዛውዝ ሰው ለጤናው ነው የደከመው።

ሻጮች የአውስትራሊያውን ታሪክ ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ ሰው ቪክቶሪያ ግዛት ውስጥ በእጅ ማሽን ከ27 ኪሎ በላይ የሚመዝን ወርቅ አገኘ። እውነት ነው። ቪክቶሪያ ግን ከ1850ዎቹ ጀምሮ ወርቅ ስትሰጥ የኖረች ምድር ናት፤ ሰውየው ማሽኑን ይዞ የሄደው ወርቅ ወዳለበት ነው። ማሽን ከሥሩ ያለውን እንጂ የት መሄድ እንዳለብህ አይነግርህም።

ይህን የምታውቀው ቤኒሻንጉል ወንዝ ዳር ገበቴ ይዛ የምታጥበው ሴት ናት። ውኃው ሲታጠፍ ጉልበቱ የሚደክምበትን ቦታ ትለያለች፤ ጥቁሩ አሸዋ የሚከማችበትን ታያለች፤ አፈሩን በውኃ እያሽከረከረች ቀላሉን ታስወጣለች፣ ከባዱን ታስቀራለች። የግብፁ ገዥ መሐመድ አሊ ለዚሁ ወርቅ ሲል ጦር አዝምቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1838–39 በእርጅናው ራሱ ሱዳን ውስጥ እስካለችው ፋዞግሊ ድረስ ተጉዞ ነበር። የተመኘውን ያህል አላገኘም። አጣቢዎቹ ግን ዛሬም እያጠቡ ነው።

ደግሞ ሜዳ ሁሉ የጋራ ነው ተብሎ አይቆፈርም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ባህላዊ አምራችም ፈቃድ የሚያወጣው ከክልሉ ነው።

ስለዚህ መግዛታችሁ ካልቀረ ማሳያውን እናንተ ይዛችሁ ሂዱ። ግማሽ ግራም ወርቅ አፈር ውስጥ አራት ጣት ያህል ቅበሩና ሻጩ ያግኘው። እምቢ ካለ ብራችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

ልጁ ማሽኑን አልሸጠውም። የሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኞች ከአፈር ሥር የተቀበረ የብረት ቱቦ ሲጠፋቸው ይጠሩታል። ቱቦ ትልቅ ስለሆነ ርካሹም ማሽን አይስተውም፤ ለድካሙም ይከፍሉታል። እሱ ግን የሻኪሶ መኪና ታሪፍ ስንት እንደገባ መጠየቁን አልተወም።