የፍርዱ ሚዛን ከአደጋው ቦታ ይጀምራል

የአንድ ቅጣት ፍትሐዊነት የሚለካው በእሥራቱ ዓመታት ብዛት ብቻ አይደለም። በተመሳሳይ ጥፋት የተከሰሱ ሰዎች ሁሉ፣ ባለሀብትና ድኻ፣ ባለመኪናና ቅጥር ሾፌር ሳይባል፣ በአንድ ሚዛን በመመዘናቸው ጭምር ነው። ጠጥቶ እያሽከረከረ እግረኛ የገደለ ሰው ምን ያህል መቀጣት አለበት በሚለው ጥያቄ ላይ በየዕድሩና በየሥራው ቦታ የሚካሄደው ክርክር እዚህ መሠረታዊ ነጥብ ላይ ካልደረሰ፣ ከቁጣ ወይም ከርኅራኄ አልፎ ፍሬ ሊያፈራ አይችልም።

ጉዳዩ ለኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከጦር ኃይሎች ወደ አሥራ ስምንት ማዞሪያ የሚዘልቀው የቀለበት መንገድና በአየር ጤና በኩል ወደ ጅማ የሚወጣው ጎዳና ሰው በብዛት የሰፈረበትን አካባቢ አቋርጠው ያልፋሉ። ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሥራው የሚገሠግሠው ሠራተኛ፣ ወደ አጠና ተራ የሚሄደው ሸክም ተሸካሚ፣ ጉሊት የምትዘረጋው እናት እነዚህን መንገዶች በእግራቸው ይሻገራሉ። በዚያው ሰዓት ሌሊቱን ሲጠጣ ያደረውም በመኪናው ወደ ቤቱ ይመለሳል። በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ስናስብ፣ የዚህ አደጋ ሸክም በማን ላይ እንደሚያርፍ ማጠያየቅ የለበትም።

ሕጉ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኛነት ሰው መግደልን በደረጃ ይከፍለዋል። እንደ ሾፌርና እንደ ሐኪም የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኛነቱ ቢገድል፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እሥራትና ከ3 ሺህ እስከ 6 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። በመጠጥ ራሱን ኃላፊነት ከማይሰማው ሁኔታ ውስጥ አስገብቶ የገደለ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራትና ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር መቀጮ ይቀጣል። የአንደኛው ጣሪያ ለሁለተኛው ወለል ነው ማለት ነው።

አንዳንዶች «ሰውየው ለመግደል አላሰበም፤ 15 ዓመት እንዴት ይገባዋል?» ሲሉ ይሰማሉ። አባባሉ በችኮላ የሚጣል አይደለም። ሕጉም ቢሆን ይህን ጥፋት ከታሰበ ግድያ ጋር አላስተካከለውም። ነገር ግን ድንገት ፍሬን የተበጠሰበት ሾፌርና ብርጭቆውን ጨልጦ ቁልፉን ያነሣ ሾፌር አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ሰው መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ አእምሮው ገና በቦታው ሳለ መምረጥ ይችል ነበር። ስለሆነም ጥፋቱ የሚጀምረው መንገዱ ላይ ሳይሆን መጠጥ ቤቱ ውስጥ ነው። በእኛ እምነት ሁለቱን በተለያየ ደረጃ መቅጣት ትክክለኛ ነው።

እንግዲህ በጽሑፍ የሰፈረው ሚዛን ደህና ከሆነ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ ያለው በማስረጃው ላይ ነው። የሰው አካል አልኮልን በሰዓት፣ በአንድ ሊትር ደም፣ ከ0.1 እስከ 0.2 ግራም ያህል እያቃጠለ ያስወግዳል። በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ 1 ግራም አልኮል ይዞ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ሰው የገጨ ሾፌር ሸሽቶ ቆይቶ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ቢቀርብ፣ ምርመራው የሚያገኘው ከቁጥር የማይገባ ወይም ምንም ሊሆን ይችላል። ቆሞ ተጎጂውን ያነሣውና ወደ ሐኪም ቤት ያደረሰው ሾፌር ግን ትንፋሹ እዚያው ተመርምሮ በከባዱ ንዑስ አንቀጽ ይከሰሳል። ለሸሸው ስለ መሸሹ ሌላ ክስ ቢጨመርበትም፣ ዋናው ወንጀል ወደ ቀላሉ ደረጃ ሊወርድለት ይችላል። ሰብአዊነት ያሳየው ከብዶ፣ ጨካኙ ቀልሎ የሚወጣበት አሠራር ፍትሐዊ ነው ሊባል አይችልም።

ሕዝብ በቅጣት ሚዛን ላይ ያለው ጥርጣሬ አዲስ አይደለም። ታዋቂው ድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሣሁን በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የጎዳና ተዳዳሪ ወጣት በመኪና ገጭቶ ገድሏል፣ ርዳታ ሳይሰጥም ሸሽቷል በሚል ተከሶ፣ ክሱን ቢክድም፣ በ2001 ዓ.ም. 6 ዓመት እሥራትና 18 ሺህ ብር መቀጮ ተፈረደበት። በይግባኝ እሥራቱ ወደ 2 ዓመት ዝቅ አለ። ይህን የምናነሣው ስለ መጠጥ ለመናገር ወይም የተዘጋ መዝገብ ለመክፈት አይደለም። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ስለ ድምፃዊው ሲከራከር፣ ጎዳና ላይ ስለ ሞተው ወጣት የተናገረው ግን ጥቂት መሆኑን ለማስታወስ ነው። የሟቹን ሕይወት ከሂሳቡ ያወጣ ክርክር፣ ከየትኛውም ወገን ቢሰነዘር፣ ስለ ፍትሕ የተደረገ ክርክር አይደለም።

ሌላው ሊሰመርበት የሚገባው የሽምግልና ጉዳይ ነው። ሐዘኑ ሳይበርድ የገዳዩ ዘመዶች በዕድር ሽማግሌዎች በኩል እርቅ መለመናቸው የቆየ ባህላችን ነው፤ ደም እንዳይቃባም ረድቶናል። ሆኖም እርቅ ሌላ፣ ምስክርን ዝም ማሰኘት ሌላ ነው። የሰው ሞት የመንግሥት ክስ እንጂ በሁለት ቤተሰብ ስምምነት የሚዘጋ የግል ጉዳይ አይደለም። እውነተኛ ጸጸትና ካሳ ቅጣትን ሊያቀል እንደሚችል ሕጉ ራሱ በአንቀጽ 82 አመልክቷል። የሟች ቤተሰብም ገንዘብ ለማግኘት ሲል እውነትን መሸጥ አይጠበቅበትም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመኪናውን፣ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ፣ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። በአንጻሩ ይኸው ሕግ ለኅሊና ጉዳት የወሰነው የካሳ ጣሪያ 1 ሺህ ብር መሆኑ፣ ሕግ አውጪው ሊያርመው የሚገባ ጉድለት ነው።

ከዚህ በመነሣት ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ሸሽቶ ራሱን ከምርመራ ያራቀ ሾፌር ጠጥቶ ከተገኘው ያነሰ ቅጣት እንዳያገኝ ሕጉ ይስተካከል። ሁለተኛ፣ የትንፋሽ መመርመሪያ በዋና ዋና መንገዶች ላይ በሌሊትና በንጋት ሰዓት ከትራፊክ ፖሊስ እጅ አይጥፋ።

የቀረው የእኛ የነዋሪዎችና የሠራተኞች ድርሻ ነው። የአደጋውን ሰዓት እንመዝግብ፤ የሰሌዳውን ቁጥር እንያዝ፤ ተጎጂውን እናንሣ፤ ሾፌሩን ሳንደበድብ፣ ግን ሳናሳልፍ፣ ለፖሊስ እናስረክብ፤ ፍርድ ቤት ስንጠራም ያየነውን እንናገር። ዕድራችን ድንኳን ተክሎ ሟችን እንደሚሸኝ ሁሉ፣ ስለ ሟች እውነቱን መመስከርም ግዴታው ነው። ዳኛው የሚመዝነው እኛ ያቀረብንለትን ነውና፣ ሚዛኑ ተዛባ ብለን ከመውቀሳችን በፊት በበኩላችን ያስቀመጥነውን እንመርምር።