ሐዲዱ አቃቂ ላይ ሲያበቃ

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አቃቂ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1915 ሲሆን፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ለሁለት ዓመት የመስመሩ ጫፍ አቃቂ ነበረች ማለት ነው። ስለ አቃቂ የሚያወሳውን ይህን እትም ስናሰናዳ ደጋግመን የተመለስነው ወደዚህ ነጥብ ነው፤ ሰፈራችን እንደ ከተማዋ ጭራ ሳይሆን እንደ ደጃፏ ትቆጠራለች።

በጣም የነካን የሬዲዮው ታሪክ ነው። የአገራችን የመጀመሪያው የሬዲዮ ጣቢያ የተተከለው እዚሁ አቃቂ ነው። በ1928 ዓ.ም. መባቻ፣ ከጣሊያን ጋር የተደረገው ጦርነት ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ እቴጌ መነን በሬዲዮ ለዓለም ሴቶች የሰላም ጥሪ አሰምተዋል። ያን ድምፅ የማያውቅ የአቃቂ ልጅ መኖሩ ያሳዝነኛል።

የአባ ሳሙኤል ግድብም አለ፤ ለአሥርት ዓመታት ዝም ብሎ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና እርዳታ ታድሶ ዳግም ኃይል ማመንጨት ጀመረ። ከኢትዮጵያና ከህንድ ባለሀብቶች ጥምረት የተወለደው የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ደግሞ ሰፈሩን የወዝ አደር ሰፈር አደረገው። ለዚህም ነው በእትሙ የሰፈሩ የታወቁ ሰዎች ስንል ፈታዮችንና ሸማኔዎችንም የጨመርነው። እናታችሁ በፋብሪካው ሠርታ ከሆነ፣ የድሮ ፎቶዋን ይዛችሁ ኑልን፤ ለሚቀጥለው እትም ቦታ ይዘንላታል።