ክረምትና ተጨማሪ ውድድር፦ የተጫዋቾች ዕረፍት ጥያቄ በኢትዮጵያ ሁኔታ ሲታይ

የአውሮፓ ተጫዋቾች የውድድር ዘመናቸውን ጨርሰው ለዕረፍት የሚበተኑበት ወቅት በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በአጅባርና በመካነ ሰላም አካባቢ፣ ክረምቱ የሚከብድበት ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ጉሙ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ መሬቱም ውኃ ይጠግባል። ኳስ ግን በዚህ ወቅትም ከሕዝቡ አይርቅም። በ2017 ዓ.ም. ከሰኔ 7 እስከ ሐምሌ 6 ቀን በአሜሪካ 32 ክለቦች የተሳተፉበት የፊፋ የክለቦች ዓለም ዋንጫ ተካሄደ። ቼልሲ ፓሪ ሳን ዠርማንን 3 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ባነሳ በሃያኛው ቀን ደግሞ በየሀገራቸው ሊግ ለሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ የተዘጋጀው የአፍሪካ ሀገራት ሻምፒዮና (ቻን) በዳሬሰላም ተከፈተ። ለተመልካቹ ይህ ሁሉ በረከት ነው። ለተጫዋቹ ጥቅሙ ምን ያህል ነው የሚለው ግን በዓለም አቀፍ ደረጃ እያከራከረ ይገኛል፤ ክርክሩም ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ መልኩን ይለውጣል።

በአውሮፓ ክርክሩ ከስታዲየም አልፎ ፍርድ ቤት ደርሷል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. የእንግሊዝና የፈረንሳይ የተጫዋቾች ማኅበራት የተስፋፋውን የክለቦች ዓለም ዋንጫ በመቃወም በብራስልስ የንግድ ፍርድ ቤት በፊፋ ላይ ክስ መሠረቱ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የተጫዋቾች ማኅበር (ፊፍፕሮ) የአውሮፓ ክንፍና የአህጉሩ ሊጎች አቤቱታቸውን ለአውሮፓ ኮሚሽን አቀረቡ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የማንቸስተር ሲቲው ሮድሪ ተጫዋቾች ሥራ ወደ ማቆም እየተቃረቡ መሆናቸውን ተናግሮ ነበር፤ በቀናት ልዩነት በጉልበቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶበት ለወራት ከሜዳ ራቀ። አንድ ጉዳት የአንድን ክርክር እውነትነት አያረጋግጥም፤ ሆኖም ብዙዎች አጋጣሚውን ከንግግሩ ለይተው ሊያዩት አልቻሉም። ፊፋ በበኩሉ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በሁለት ጨዋታዎች መካከል ቢያንስ የ72 ሰዓታት፣ በውድድር ዘመን ማብቂያ ደግሞ ቢያንስ የ21 ቀናት ዕረፍት ሊኖር እንደሚገባ መግባባት ላይ መደረሱን አስታወቀ። ይህ በተገለጸበት ስብሰባ ፊፍፕሮ አልተጋበዘም ነበር።

ይህን ክርክር እንዳለ ተቀብሎ በኢትዮጵያ ተጫዋች ላይ ማሳረፍ ግን ስሕተት ላይ ይጥላል። የአንድ ታላቅ የአውሮፓ ክለብ ተጫዋች ሊጉን፣ የሀገር ውስጥ ዋንጫዎችን፣ የአህጉር ውድድሩንና ብሔራዊ ቡድኑን ደምሮ በዓመት ከ60 በላይ ጨዋታ ሊያደርግ ይችላል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ 16 ክለቦች በነበሩት ጊዜ አንድ ክለብ በሊጉ በዓመት የሚያደርገው 30 ጨዋታ ነበር። ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ያልገባና ክለቡ በአፍሪካ መድረክ የማይወዳደር ተጫዋች፣ ማለትም አብዛኛው ተጫዋች፣ ከዚህ ብዙም አያልፍም። የእርሱ ችግር የጨዋታ መብዛት አይደለም። ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ጨዋታ ማነስ ነው።

ለዚህ ማሳያ የሚሆነው የቻን ታሪካችን ነው። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፣ በ2008 ዓ.ም. በሩዋንዳ፣ በ2015 ዓ.ም. በአልጄሪያ በተካሄዱት የቻን ውድድሮች ተሳትፋለች። በሦስቱ ዘጠኝ ጨዋታ አድርጋ አንዱንም አላሸነፈችም፤ ሁለት አቻ፣ ሰባት ሽንፈት። ለ2017ቱ ውድድር ደግሞ በማጣሪያው በሱዳን ተሸንፋ ቀረች። በጦርነት ምክንያት በሀገሩ ሜዳ መጫወት ያልቻለው የሱዳን ቡድን ከዚያ ተነሥቶ እስከ ግማሽ ፍጻሜ መድረሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ለሱዳናውያኑ ያ ክረምት ዕረፍት አልነበረም፤ ነገር ግን አህጉሩ በሙሉ ያያቸው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ቅርብ ነው። የ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በመስከረም 2017 ዓ.ም. በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ከታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ጋር ተገናኝቶ በድምር ውጤት 7 ለ 0 ተሸንፏል። ያንጋ ሐምሌን ያሳለፈው በደቡብ አፍሪካ በወዳጅነት ዋንጫዎች ነበር። ከጀርመኑ አውግስቡርግ፣ ከቲ ኤስ ጋላክሲና ከካይዘር ቺፍስ ጋር ተጫውቶ የመጨረሻውን 4 ለ 0 አሸንፎ ተመልሷል። የሁለቱ ክለቦች ልዩነት በበጀትም በተጫዋቾች ጥራትም እንደሚገለጽ የታወቀ ነው፤ ሰባቱ ግብ በሙሉ ከሐምሌ የመጣ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። ነገር ግን አንደኛው ወገን በጠንካራ ተጋጣሚ ተፈትኖ ሲመጣ ሌላኛው ያንን ዓይነት ፈተና በዋናው ውድድር ላይ መቅመሱ ዋጋ አለው። በዚህ ዓይን ሲታይ በክረምት የሚደረግ ተጨማሪ ዓለም አቀፍ ውድድር ለኢትዮጵያ ክለብ ሸክም ከመሆን ይልቅ የጎደለ ትምህርት ነው።

ይህ ማለት ግን ተጫዋቹ ድካም የለበትም ማለት አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ ሲካሄድ የቆየው ክለቦች በየዙሩ በተመረጠ ከተማ ተሰባስበው እንዲጫወቱ በማድረግ ነው። በዚህ አሠራር ተጫዋቹ ለወራት ከቤተሰቡ ተለይቶ በሆቴል ይኖራል፤ ጨዋታዎቹም በቅርብ በቅርብ ይደረደራሉ። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ስታዲየሞች የካፍን መስፈርት ባለማሟላታቸው ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ቡድኑ «የሜዳዬ» የሚለውን ጨዋታ ሳይቀር በባዕድ ሀገር ሲያደርግ ቆይቷል። ዋልያዎቹ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉበት የማይረሳ ጨዋታ እንኳ የተካሄደው በማላዊ ሊሎንግዌ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያን ተጫዋች ድካም በጨዋታ ቁጥር ብቻ መለካት አይበቃም። በጉዞና ከቤት ርቆ በሚያሳልፈው ሌሊት ጭምር መቆጠር አለበት። ድካሙ የሚከማቸው ደግሞ በጥቂቶች ላይ ነው፤ በክለባቸው ቋሚ ተሰላፊ፣ በብሔራዊ ቡድን ተመራጭ፣ በአፍሪካ የክለቦች ውድድርም ተሳታፊ በሆኑት ላይ።

እንግዲህ «ተጫዋቾች በክረምት ይጫወቱ ወይስ አይጫወቱ» ተብሎ የሚቀርበው ጥያቄ የተለያየ ሁኔታ ያላቸውን ሁለት ወገኖች በአንድ ላይ የሚጠቀልል ነው። ብዙ የተጫወተው ማረፍ አለበት፤ ጥቂት የተጫወተው መጫወት አለበት። ተጨማሪ ውድድር ጉዳት የሚያመጣው የተመረጡት ያው አሥራ አምስት ሰዎች በየመድረኩ ሲላኩ ነው።

በአማራ ክልል የተካሄደ አንድ ውድድር ይህን በተግባር ያሳየ ነበር። ከሐምሌ 10 እስከ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ባሕር ዳር ከ23 ዓመት በታች የሴካፋ ዋንጫን አስተናግዳ ታንዛኒያ በፍጻሜው ቡሩንዲን በመለያ ምት አሸንፋለች። ውድድሩ በዕድሜ የተገደበ በመሆኑ ዋናው ብሔራዊ ቡድን ሳይነካ ሌሎች ልጆች ዓለም አቀፍ ጨዋታ አገኙ። የክረምቱ ዝናብ ግን አብሮ መታሰብ ያለበት ነው። በመጋቢት ወር ዋልያዎቹ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፉበት ይኸው ሜዳ በሐምሌ ጣና ዳር በሚወርደው ዝናብ ሥር ውድድር ተሸከመ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሳይሆን በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ የካፍን ፈቃድ አጣ። የፈቃዱ መነሣት ከሜዳው ሣር በላይ ሌሎች የመሠረተ ልማት ጉድለቶችን የሚመለከት ነበር። ሆኖም በሀገር ውስጥ የክረምት ውድድር ማስተናገድ የውኃ ማፋሰሻና ተለዋጭ ሜዳ እንደሚፈልግ የጣና ዳር ነዋሪም የአጅባር ነዋሪም ሳይነገረው ያውቀዋል።

ሌላው ገጽታ ከውድድር ይልቅ ለገቢና ለግንኙነት የሚደረግ ጉዞ ነው። ቻን በተከፈተበት በዚያው ዕለት፣ ሐምሌ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በዋሽንግተን ከዲሲ ዩናይትድ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ነበረው። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በክረምት የሚያዘጋጁት የስፖርትና የባህል መሰባሰቢያ ስላላቸው ኳስና ሀገር በአንድ ሜዳ ሲገናኙ ለእነርሱ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ጥቅሙ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጨዋታ ከአህጉራዊ ውድድር ጋር በአንድ ሚዛን መቀመጥ የለበትም። የውቅያኖስ ማዶ ጉዞ፣ የሰባት ሰዓት የጊዜ ልዩነትና የውድድር ዘመን ማብቂያ ድካም አንድ ላይ ሲመጡ ለተጫዋቹ የሚጠየቀው ዋጋ በትክክል መታወቅ አለበት።

ዋጋው ይበልጥ ግልጽ የሚሆነው ጉዳት በሚደርስበት ጊዜ ነው፤ በዚህ ክርክር ውስጥ በቂ ትኩረት ያላገኘውም ይኸው ነው። ፊፋ ተጫዋቾቻቸው ለብሔራዊ ቡድን ሲጫወቱ ከ28 ቀናት በላይ ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት ለሚደርስባቸው ክለቦች የሚከፍልበት የክለቦች ጥበቃ ፕሮግራም አለው። ፕሮግራሙ የተመሠረተው ግን በዓለም አቀፉ የጨዋታ መርሐ ግብር ላይ ነው። ከመርሐ ግብሩ ውጭ የሚደረግ ተጨማሪ ጨዋታ ከዚህ ከለላ ውጭ ይወድቃል፤ ክለብም ተጫዋቹን የመልቀቅ ግዴታ የለበትም። በሀገራችን ሁኔታው አንድ እርከን ይወሳሰባል። ብዙዎቹ ክለቦች በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት የልማት ድርጅቶች በጀት የሚተዳደሩ በመሆናቸው የተጫዋቾች ውል በአብዛኛው ከበጀት ዓመቱ ጋር ሰኔ 30 ያበቃል። በሐምሌ በብሔራዊ ቡድን ስም ወጥቶ እግሩ የተሰበረ ተጫዋች የቀድሞ ክለቡ ውሉ አልቋል ሊለው፣ አዲሱ ክለብም ገና አልፈረምክም ሊለው ይችላል። የዚህ ተጫዋች ሕክምናና የወራት ደመወዝ በማን ላይ እንደሚወድቅ ከጉዞው በፊት በጽሑፍ ካልተወሰነ «ለሀገር ተጫወት» የሚለው ጥሪ አደጋውን በሙሉ በተጫዋቹ ጫንቃ ላይ የሚያሳርፍ ይሆናል።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። ለአንድ የክረምት ጉዞ የሚገዛ የጉዳት መድን፣ እስከ አዲሱ ውል ፊርማ የሚቆይ የደመወዝ ዋስትናና ከጉዞ መልስ የማይነካ የ21 ቀናት ዕረፍት የአንድን ጉዞ ወጪ ከፍ ቢያደርጉ እንጂ ጉዞውን የሚያስቀሩ አይደሉም። እነዚህን መሸፈን ያልቻለ የወዳጅነት ግብዣ ቢቀር ይመረጣል።

ብዙ የተጫወተው ሲያርፍ የሚከፈተው ቦታ ለማን ይሰጥ የሚለው ጉዳይ ወደ ደቡብ ወሎ ይመልሰናል። ከአጅባር ወይም ከመካነ ሰላም የሚነሣ ልጅ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ በደሴና በኮምቦልቻ ያልፋል፤ የደሴ ከተማና የወሎ ኮምቦልቻ ክለቦች ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባለው እርከን የተጫወቱ ናቸው። በዚህ እርከን የሚገኝ ተጫዋች በቴሌቪዥን አይታይም፤ የውጭ መልማይ አያገኘውም። ከፕሪሚየር ሊጉ ጋር የነበረው የአካባቢው ቅርበትም አልዘለቀም፦ በ2009 ዓ.ም. 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዝ ዘመናዊ ስታዲየም የተመረቀላት ወልድያ እንኳ በ2010 ዓ.ም. ክለቧ ከሊጉ ወርዷል። ወደ ቻን ማጣሪያም ሆነ ወደ ወዳጅነት ዋንጫ የሚላከው የክረምት ቡድን ከከፍተኛ ሊግ ጥቂት ልጆችን በቋሚነት ቢይዝ፣ ለእነርሱ የሐምሌ ዘጠና ደቂቃ የዓመት ሙሉ ልፋታቸውን የሚያሳዩበት ብቸኛ መስኮት ሊሆን ይችላል።

የ2018 ዓ.ም. ክረምት ከሰኔ 4 እስከ ሐምሌ 12 በ48 ቡድኖችና በ104 ጨዋታዎች የተዘረጋውን የዓለም ዋንጫ ይዟል። ኢትዮጵያ በዚያ መድረክ የለችም፤ በእነዚያ ሳምንታት የሊጉ ኮከቦች በእርግጥ የሚያርፉበት፣ ያልታዩት ደግሞ የሚጫወቱበት ጊዜ አለ። የብዙዎቹ ውል ግን እንደ ወትሮው በመካከሉ፣ ሰኔ 30 ላይ፣ ያልቃል።