«ግልጽ ነው?» «ግልጽ ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዱ የአይከል ልጅ ነው። ለዕረፍት አገር ቤት በሄደበት አንድ ክረምት መግቢያ ላይ አጎቱ «ና ስብሰባ እንሂድ፤ የተማርክ ነህ፣ ያልገባኝን ትነግረኛለህ» ብለው ይዘውት ሄዱ። አዳራሹ ሞልቷል። ጋቢው፣ ዱላው፣ የጎማ ጫማው። ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ቀርቶ ኤንፒኤስ የሚባለው በመጣበት ሰሞን፣ በ2006 ዓ.ም. ገደማ ነው። መድረኩ ላይ ያሉት ሰውዬ ስለ ዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ተናገሩ፣ ስለ ማነቆዎች ተናገሩ፣ ስለ ቁርጠኝነት ተናገሩ። «ከዚህ አኳያ» አሉ፣ «ከዚያ አንጻር» አሉ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ቀና ብለው «ግልጽ ነው?» ሲሉ አዳራሹ ባንድ አፍ «ግልጽ ነው!» አለ።

ተወጣ። ገና ከበሩ ሳይርቁ አጎት ዞር ብለው «ምን አለ?» አሉ። ከጎናቸው ያሉትም እርስ በርስ «ምን አለ? ምን አለ?» ይባባላሉ። የተማረ የተባለው የኛ ልጅም ቢሆን ከሁለት ሰዓቱ የያዘው ነገር ቢኖር የማዳበሪያው ስም መለወጡን ብቻ ነው።

ሪፖርቱ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ አላየንም፤ ማየትም አያስፈልገንም። «ተሳታፊዎቹ በቂ ግንዛቤ ጨብጠዋል» ነው የሚለው። ሁልጊዜም ይኸው ነው። መኸሩ ሲበላሽ ደግሞ ሌላ ሪፖርት ይጻፋል፤ ምክንያቱም «የግንዛቤ እጥረት» ይሆናል። ልብ በሉ፤ በሰኔ የጨበጠውን ግንዛቤ ሰውየው በኅዳር የት ጣለው?

እኛ ከዚህ «የግንዛቤ እጥረት» ከሚባል ነገር ጋር ጠብ አለን። መንግሥት ተለዋውጦ እሱ ያልተለወጠ ቃል ነው። ውሃው ቢቆሽሽ የግንዛቤ እጥረት፣ ግብሩ ባይከፈል የግንዛቤ እጥረት፣ ክትባቱ ቢቀር የግንዛቤ እጥረት። ሁሌም እጥረቱ ያለው ሰሚው ዘንድ ነው። «የንግግር እጥረት ገጥሞናል» ያለ ኃላፊ ሰምታችኋል? «ያልገባቸው እኛ ስላላስረዳን ነው» የሚል ሪፖርትስ? መድኃኒቱም ከበሽታው ጋር ተያይዞ የመጣ ነው፦ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ። ግንዛቤ ልክ እንደ ዱላ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ይመስል፤ ሰውየው ያስጨብጣል፣ ሕዝቡ ይጨብጣል፣ የውሎ አበል ይከፈላል፣ ይበተናል።

የመድረኩን ቋንቋማ ተዉት። ያኔ በኢሕአዴግ ዘመን «ኪራይ ሰብሳቢ» የሚል ቃል መጥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከእንግሊዝኛ በቁሙ የተገለበጠ የኢኮኖሚክስ ቃል ነው፤ ሳይሠራ ከሥልጣንና ከጥቅም ትስስር ሀብት የሚያካብተውን ለማለት ነበር። ግን በአማርኛ ኪራይ ኪራይ ነው፣ መሰብሰብም መሰብሰብ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ክፍል ሠርተው ለአስተማሪዎች የሚያከራዩ አንዲት እናት «እኔ ምን በደልኳቸው?» ብለው ሲጨነቁ በጆሯችን ሰምተናል። የአገሪቱ ዋና ጠላት ተብሎ በየቀኑ በሬዲዮ የሚወገዘው እሳቸው መስለዋቸው ነበር። ስቀን ነበር ያኔ። አሁን ስናስበው ግን የሚያስቀው እሳቸው አይደሉም።

እዚህ ላይ የተማሩ ወዳጆቻችን አንድ መልስ አላቸው። «ችግሩ የባህላችን ነው» ይላሉ። «የሐበሻ፣ ይልቁንም የጎንደር ሰው፣ በቀጥታ አይናገርም፤ ሰምና ወርቅ ነው፣ ቅኔ ነው።» ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን «ሰምና ወርቅ» ብሎ ካወጣ ወዲህ ይህ አባባል ለብዙ ምሁር ትራስ ሆኖለታል። እኛ አንስማማም። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ ቅኔው ከተዘረፈ በኋላ ይዘረዘራል፣ ሰሙ ይነገራል፣ ወርቁ ይወጣል፣ ያልገባው ይጠይቃል፣ የተሳሳተው ይታረማል። ከዚያ መድረክ ይልቅ ቅኔ ቤቱ ግልጽ ነው። ደግሞስ ገበሬው በሬ ሲሸጥ አይታችሁታል? ጥርሱ ተገልጦ ይታያል፣ ትከሻው ይዳሰሳል፣ ይስባል አይስብም ተብሎ ይጠየቃል፣ ዋስ ይጠራል። ስለ በሬ ቅኔ የሚቀኝ የለም። በሽምግልናም እንዲሁ ነው። አንዱ እስኪጨርስ ሌላው አፉን ይይዛል፣ ሽማግሌው «እንዲህ ማለትህ ነው?» እያለ ቃሉን መልሶ ያስደግማል። በቀጥታ መነጋገር የማያውቅ ሕዝብ ይህን ከየት አመጣው?

እንግዲያ ያ ሰው ከጠረጴዛ ፊት ሲቆም ለምን «እሺ» ብቻ ይላል? ምክንያቱም «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ተብሎ ያደገ ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ተብሎም ተመክሯል። እሺ ብዙ ነገር ነው፦ ሰምቻለሁ ማለት ነው፣ ይሁን ማለት ነው፣ አንተን ማስቀየም አልፈልግም ማለት ነው፣ አንዳንዴም እባክህ ልሂድበት፣ ከብቶቼ ውሃ አልጠጡም ማለት ነው። ኃላፊው ግን ሁሉንም «ተስማምቷል» ብሎ ይመዘግበዋል። ስህተቱ የእሺ አይደለም። አይሆንም ያለ ሰው ስሙ በክፉ የሚያዝበት ቦታ ላይ እሺን እንደ ፊርማ የሚቆጥረው ሰው ነው የተሳሳተው።

መድረክ ቢያንስ ፊት ለፊት ይተያዩበታል። ቅጽ ግን ይብሳል።

በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 172,327 ሰው ቅማንት ተብሎ ተመዝግቧል። ብዙው በዚሁ በአይከል ዙሪያ፣ በጭልጋና በላይ አርማጭሆ፣ እንዲሁም በጎንደር አካባቢ የሚኖር ነው። በዚያው ቆጠራ ቅማንትኛ አፍ መፍቻዬ ነው ያለው 1,625 ሰው ብቻ ነበር፤ ቋንቋው ከሽማግሌዎቹ ጋር እየሄደ ነበርና። ከዚያ በ1999 ዓ.ም. ቀጣዩ ቆጠራ መጣ። በታተመው ውጤት ላይ ቅማንት የሚል ረድፍ የለም። የለም በቃ። ቆጣሪው በየቤቱ ገብቶ «ብሔረሰብዎ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ በእጁ ባለው ዝርዝር ላይ ግን ለዚያ መልስ መለያ ቁጥር አልተሰጠውም። ጠያቂው መልስ ማስቀመጫ ሳይዝ ጥያቄ ይዞ መጣ። ከመቶ ሰባ ሺህ በላይ ሰው በአሥራ ሁለት ዓመት የት ገባ?

ከግራም ከቀኝም ሊጮሁብን የተዘጋጁ እንዳሉ እናውቃለን፤ ትንሽ ታገሱን። እኛ ማን ብሔረሰብ ነው፣ ማን አይደለም ብለን ልንፈርድ አልተነሳንም። የቅማንትና የአማራ ሰው በአንድ ገበያ የሚገበያይ፣ የተጋባ፣ አበልጅ የሆነ ሕዝብ ነው። ጉዳያችን ጥያቄው ነው። «ቅማንት ራሱን የቻለ አይደለም፣ ቋንቋውም ጠፍቷል» የሚል ኃላፊ ይህን ፊት ለፊት ተናግሮ፣ መልስ ሰምቶ፣ ተከራክሮ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ዝርዝሩ ላይ አለማስገባት ግን ክርክር አይደለም። ሰውየው እየተናገረ ጆሮን በጣት መድፈን ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። አቤቱታው ከክልሉ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲመላለስ ኖረ። በ2007 ዓ.ም. የክልሉ ምክር ቤት ለ42 ቀበሌዎች የራስ አስተዳደር አወቀ። መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በስምንት ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ሰባቱ በነበረው አስተዳደር ሥር መቀጠልን መረጡ። በመካከሉም በኋላም ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ፣ ከጎንደር መተማ የሚወስደው መንገድ ስንት ጊዜ ተዘጋ። አይከል ራሷ በ2013 ዓ.ም. የደረሰባትን የሚረሳ የለም። ይህ ሁሉ ከአንድ ቅጽ መጣ ብንል ሞኞች ነን፤ የመሬት ነገር አለበት፣ የሥልጣን ነገር አለበት፣ የታጠቁ ሰዎች ነገር አለበት። ግን ሰው በቃል ሲጠይቅ መልስ ባጣባቸው ዓመታት ልክ ነው መሣሪያ የያዘው ሰው ጆሮ የሚያገኘው። ይህንንም «የግንዛቤ እጥረት» የሚል ካለ ይምጣና አይከል ላይ ይበል።

መልስ ያጣ ቃል ምን እንደሚሆን ማወቅ የነበረብን ከማንም በፊት እኛ ነን፤ የቋራው ካሣ ጎረቤታችን ነውና። ስለ አለመግባባት ሲነሳ ትምህርት ቤት ውስጥ የምንማረው ውጫሌን ነው፦ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል፣ አንቀጽ 17፣ አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ጣሊያንኛው እንደ ግዴታ መተረጎሙ፣ መጨረሻው ዓድዋ። ጥሩ። እሱ የትርጉም ተንኮል ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ግን ይበልጥ የእኛን ችግር ይመስላል። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅነት ጠይቀው፣ መልእክተኛ ለመላክ መንገዱ እንዲመቻችላቸው አሳስበው ጻፉ። ደብዳቤው በዚያው ዓመት ለንደን ደረሰ። ትርጉሙ አልተሳሳተም። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠና ቀረ እንጂ። አንድ ዓመት አለፈ፣ መልስ የለም። ንጉሡ ዝምታውን እንደ ንቀት አነበቡት፤ ቆንስሉን ካሜሮንን በ1856 ዓ.ም. አሰሩ። መልሱን የያዘው ሆርሙዝ ራሳም በመተማ በኩል ዞሮ ከፊታቸው የደረሰው በ1858 ዓ.ም. ነው። ዘገየ። በ1860 ዓ.ም. ናፒየር 13 ሺህ ገደማ ወታደር ይዞ መቅደላ ደረሰ። ቴዎድሮስ ልክ ነበሩ አንልም፤ እንግዳ ማሰር ልክ አይደለም። ነገር ግን ለንደን ያሉት ጸሐፊዎች ምንም ያልተናገሩ መስሏቸው ነበር። ተናግረው ነበር።

«ታዲያ ምን ይሁን?» የሚል አለ። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። አንደኛ፣ «ግልጽ ነው?» የሚባለው ጥያቄ ይቅር። ለዚህ ጥያቄ «አይደለም» ብሎ መመለስ ወይ ድንቁርናን ማመን ወይ ተናጋሪውን መስደብ ነው፤ ስለዚህ ማንም አይመልስም። በምትኩ «እስኪ ምን እንዳልኩ ንገሩኝ» ይባል። በጤና ሙያ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ሐኪሙ ካስረዳ በኋላ ታማሚው በራሱ ቃል መልሶ ይነግረዋል። የአንዳችን አያት አንድ ጤና ተቋም ውስጥ «በየስምንት ሰዓቱ አንድ አንድ ፍሬ» ተብለው መድኃኒት ተሰጣቸው። «እሺ የኔ ልጅ» ብለው መርቀው ወጡ። ከዚያም በየቀኑ፣ ከምሳ በኋላ፣ ልክ በስምንት ሰዓት አንድ ፍሬ ይውጡ ነበር። አንድም ቀን አላሳለፉም። ሲብስባቸው ተመልሰው ሄዱና «መድኃኒቱን በአግባቡ አልወሰዱም» ተብለው ተቆጡ። ያቺ ሐኪም «እማማ፣ እንዴት ነው የሚወስዱት?» ብላ ብትጠይቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር። ከደጅ የቆመው ሰልፍ ረጅም እንደነበር እናውቃለን፤ የሰልፉን ሰው ግማሽ ግን እንዲህ ተመልሶ የመጣ ሰው እንደሚሆን እንጠረጥራለን።

ሌላው ቃለ ጉባኤ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ቃለ ጉባኤ የተናጋሪው ነው፤ ማን ከፈተው፣ ምን አሳሰበ፣ እንዴት ዘጋው። የጠያቂው ቃል ይጻፍ። ማን ምን ጠየቀ፣ ማን ይመልስለታል፣ መቼ። ቅጹም ላይ «ሌላ» ከሚለው አጠገብ ባዶ መስመር ይኑር፤ የተጻፈበትንም የሚያነብ ሰው ይመደብ። «አንድ ሠራተኛ ሦስት ቀበሌ ይዞ ይህን እንዴት ያደርጋል?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነት አለው። እኛ ግን ሁለት ሰዓት ተናግሮ ምንም ከማይሰማ ሰው ግማሽ ሰዓት ተናግሮ አንድ ሰዓት የሚሰማውን እንመርጣለን። ያው ሠራተኛ ነው፣ ግማሽ ሰዓትም ይተርፈዋል።

ለነገሩ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አንድ ጥያቄ ተነስቶ ነበር፤ አጎት ናቸው ያነሱት። ሰውዬው ሁሉን ነገር በሄክታርና በኪሎ ሲናገሩ አጎት ደግሞ የሚያውቁት ጥማድና ጣሳ ነው። እጃቸውን አውጥተው ተነሱና «ይቅርታ ጌታው፣ ይኼ አዲሱ ለአንድ ጥማድ በዱሮው በዳፕ ልክ ነው የሚበተነው፣ ወይስ ይቀነሳል?» አሉ። መድረኩ ላይ ያሉት ሰውዬ ማስታወሻቸው ላይ የሆነ ነገር ጫር አደረጉና «ጥሩ ነው፣ እንደ ግብዓት ወስደነዋል» ብለው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፉ። አጎትም «እሺ» ብለው ተቀመጡ።

ያን ክረምት በዱሮው ጣሳ፣ በዱሮው ልክ በተኑ። አሁንም ባገኙን ቁጥር ይኸንኑ ይጠይቁናል።